ሁለቴ ጮኾ ዝም የሚል ስልክ

ሚዛን ተፈሪ ላይ ቀኑ መሸት ሲል አባቢያ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ በጓሮ ይወጣል። ጓሮው ውስጥ አንድ ያረጀ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር ይቆምና ከኮቱ ኪስ ሞባይሉን ያወጣል፤ መነጽሩን ያደርጋል፤ የገዛ ቤቱን ቁጥር ይመታል። ከዚያ ሞባይሉን ደረቱ ላይ ለጥፎ ጆሮውን ወደ ቤቱ ይሰጣል። ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ የመስመር ስልኩ ይጮኻል። አባቢያ ትንፋሹን ይይዛል። ስልኩ ደግሞ ይጮኻል። ሦስተኛው ሳይጀምር ይዘጋዋል።

«አልሐምዱሊላህ» ትላለች ሚስቱ ቱርከያ ከውስጥ። «ደረሰልኝ።»

ቀጥሎ በርጩማዋ ሲጎተት ይሰማል፤ ከሶላት በፊት ለምትታጠበው ዉዱእ የምትቀዳው ውሃ ሲንፏፏ ይሰማል። መግሪብን ትሰግዳለች፣ እራቷን ትቀምሳለች፣ እንደ ሕፃን ልጅ ትተኛለች። አባቢያ ግን ቶሎ አይገባም። ፊቱ የሰው ፊት እስኪመስል ድረስ ከዛፉ ሥር ቆሞ ይቆያል።

ደረሰልኝ የምትለው ልጇን ሻሚልን ነው። ሻሚል ከሞተ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል።

አባቢያና ቱርከያ ወደ ሚዛን የመጡት ገና አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ፣ ከአጋሮ፣ በሰው መኪና፣ ጨው ላይ ተቀምጠው ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ ጋዝ፣ ገጀራ፣ የላስቲክ ቦት እየሸጡ ኖሩ። አባቢያ የሚታወቀው በአንድ ነገር ነበር፤ የከረመ ዕቃ ሲሸጥ የከረመ መሆኑን ሳይናገር አይሸጥም። «ይሄ ሳሙና ደርቋል፣ አረፋው እንደ ድሮው አይደለም» ይላል። ሰው ይስቅበታል፤ ተመልሶ ግን ከእሱ ይገዛል።

ስልኩ የገባው መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከተማዋ አውቶማቲክ ስልክ ያገኘች ጊዜ ነው። ቁጥሩ በጣት እየተሽከረከረ የሚደወልበት፣ የወተት ቀለም ያለው፣ የድንጋይ ያህል የሚከብድ ስልክ። ቱርከያ የዳንቴል ልብስ ሠራችለት። አባቢያ ደግሞ ትንሽ ቁልፍ ገዝቶ መደወያውን ቆለፈው። «አፍ ያለው ነገር ሁሉ ልጓም ያስፈልገዋል» አለ። ሰፈሩ ለብዙ ቀን ይህን እያነሣ ሳቀ።

ሻሚል የበኩር ልጃቸው ነው። ትምህርቱን ትቶ መኪና ላይ ወጣ፤ መጀመሪያ ረዳት፣ ኋላም ሾፌር ሆኖ የነጋዴ አይሱዙ እየነዳ ቡና ወደ ጅማ ያመላልስ ጀመር። መንገዱ ያን ጊዜ ጠጠር ነው፤ በክረምት ደግሞ ጭቃ። ቱርከያ ልጇ መንገድ ላይ ባለ ሌሊት ዐይኗን አትከድንም ነበር። በነጋታው ዐይኗ ቀልቶ ሲያያት ሻሚል ተቸገረ።

«እማ፣ እንዲህ እናድርግ» አላት አንድ ቀን። «ጅማ ስደርስ በሳንቲም ስልክ እደውላለሁ። ሁለቴ ሲጮኽ እዘጋዋለሁ። እንዳታነሡት። ሁለቴ ጮኾ ዝም ካለ ደርሻለሁ ማለት ነው። አልፎ ከጮኸ ግን ችግር አለና አንሡት።»

«ሳንቲሙስ?»

«ካላነሣችሁት ተመልሳ ትወድቅልኛለች።»

እንዲህ ተጀመረ። ሻሚል በዚያች ባንዲት ሳንቲም ስንት ወር ሙሉ እንደደወለ እያወራ ይኩራራ ነበር። የጎረቤታቸው ልጅ ባየ፣ እሱም የቡና መኪና ሾፌር፣ «የአጋሮ ዘር፣ ሳንቲም እንኳ ደርሶ መልስ ታሳፍራላችሁ?» እያለ ይተርበዋል። ቱርከያ ማታ ማታ በርጩማዋን ስልኩ አጠገብ ትስብና መዳፏን ጀርባው ላይ ታሳርፋለች። ለማንሣት አይደለም። ደወሉ ሲጮኽ የስልኩ ሆድ ይንቀጠቀጣል፤ ያን መንቀጥቀጥ በእጇ መያዝ ትወድ ነበር። «የልጄ ልብ ምት ነው» ትላለች።

ተራቢው ባየ ብዙ ሳይቆይ ራሱ ለማኝ ሆኖ መጣ። ሚስቱ ማናልሞሽ እርጉዝ ነበረች፤ ቤታቸው ስልክ የለም።

«ጋሽ አባቢያ፣ እኔም ሁለቴ ልደውልና ለማናልሞሽ ንገሩልኝ።»

«የማን እንደሆነ በምን እንለያለን?» አለው አባቢያ።

«ሻሚል ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግዶ ነው የሚነሣው፤ መኪናውም አዲስ ነው። እኔ አሮጌዋን ይዤ ከኋላ ነኝ። ፊተኛው የሻሚል፣ ኋለኛው የእኔ ይሁን።»

እውነት ነበር። ሁለቱ አንድ ቀን መንገድ ሲወጡ ሻሚል ከባየ ኋላ ደርሶ አያውቅም። ማናልሞሽ መሸት ሲል ትመጣና ከቱርከያ ጎን ትቀመጣለች። ፊተኛው ሲጮኽ ቱርከያ አልሐምዱሊላህ ትላለች፤ ኋለኛው ሲጮኽ ማናልሞሽ ተመስገን ትላለች። ተሳስቀው ይለያያሉ።

አንድ የክረምት ማታ የተደወለው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሁለቴ ጮኸና ዝም አለ። ቱርከያ አላህን አመሰገነች። የማናልሞሽ ተራ ሲጠበቅ ጨለመ፤ ስልኩ አልጮኸም። ማናልሞሽ ሆዷን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ቱርከያ እጇን ይዛ ሾርባ አጠጣቻት።

«አይዞሽ እህቴ» አለቻት። «ዝናብ ይዞት ነው። መንገዱ ክፉ ነው። ጠዋት ይደውላል።»

ቤቷ ድረስ ሸኝታት ተመለሰችና ተኛች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከጅማ መንገድ የመጣ ሾፌር አባቢያን ከሱቅ ጠርቶ አወጣው። ጎጀብ ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጦ ያየው አይሱዙ የሻሚል ነበር። ማታ የደወለው ባየ ነው። የሻሚል መኪና የወደቀችው ከመንገዱ በታች ጫካ ውስጥ ስለነበር ባየ ሳያያት በላይዋ አልፎ ጅማ ገብቷል።

አባቢያ በተገኘው መኪና ገሰገሰ። ቦንጋን ሲያልፍ መንገዱ በናዳ ተዘግቶ ነበር፤ ወርዶ በእግሩ ጭቃውን አቋርጦ ሄደ። ሲደርስ የአካባቢው ሙስሊሞች ልጁን አጥበው፣ ሰግደውበት፣ እዚያው ጎጀብ ቀብረውታል። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ያገኙት ገበሬዎች፣ ሰው ለማጽናናት ብለው እንጂ ለክፋት አይደለም፣ «ሲመሽ ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ ሸሀዳውን ብሎ ነው የሄደው» አሉት። አባቢያ ያን ሰዓት አሰበው። እነሱ ቤት አልሐምዱሊላህ የተባለበት ሰዓት ነው። ይህን ለቱርከያ ሳይነግራት ኖረ።

ባየ ከጅማ ሲመለስ በቀጥታ ለቅሶው ቤት ገባ። በሩ ላይ ቆሞ «እኔ ነበርኩ» አለ። አባቢያ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው።

«አንተ ምን አደረግህ፣ ደረስህ እንጂ» አለው።

አባቢያ በዚያ ለቅሶ አላነባም። የመኪናው ባለቤት ነበር፣ የተበተነው ቡና ነበር፣ ከአጋሮ የመጣ ዘመድ ማደሪያ ይፈልግ ነበር፣ ቱርከያ ራሷን እየሳተች ትወድቅ ነበር። ሁሉም አልፎ ብቻውን ሲቀር ደግሞ እንባው አልመጣ አለው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ሁለቴ ደውሎ የዘጋ ሾፌር የለም። ስልኩ ግን ዳንቴሉን እንደለበሰ ተቀመጠ።

ዓመታት ሄዱ። ሞባይል ገባ። የቡና ለቃሚው፣ የባጃጅ ነጂው፣ አትክልት ቸርቻሪዋ ሁሉ በኪሱ ስልክ ያዘ። የመስመር ስልክ የነበረው እየመለሰ አስቆረጠ። አባቢያም ሞባይል ገዛ፤ የመስመሩን ግን ለመመለስ ሰነፈ። እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ቱርከያ መርሳት የጀመረችው።

መጀመሪያ ቁልፍ ነበር የምትረሳው። ኋላ ወጡን ሁለቴ ጨው መጨመር መጣ። ቀጥሎ የሰው ስም። አንድ ማታ አባቢያ ከሱቅ ሲገባ በርጩማዋን ስልኩ አጠገብ ስባ፣ መዳፏን ጀርባው ላይ አሳርፋ ተቀምጣ አገኛት።

«አባ ሻሚል፣ ልጁ ዛሬ አልዘገየም?»

አባቢያ እውነቱን ነገራት። በሕይወቱ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። ቱርከያ አዲስ መርዶ እንደሰማ ሰው ሻሿን ቀድዳ ጮኸች። በነጋታው ምንም አታስታውስም ነበር፤ ማታ ሲሆን በርጩማዋን ደግማ ሳበች። አባቢያ ደግሞ ነገራት። ደግማ ጮኸች።

ቴፒ የምታስተምረው ልጃቸው ሳሊሀ በሳምንቱ መጨረሻ ስትመጣ ይህን አየች። አባቷን ወደ ጓሮ ወሰደችው።

«አባ፣ አትንገራት በቃ። አንዲት እናት አንድ ልጅ ስንት ጊዜ ትቅበር?»

«ልዋሻት?»

«ዝም በላት።»

«ዝም ስላትማ እስኪነጋ እዚያው ትቀመጣለች።»

መልሱ የመጣው በአጋጣሚ ነው። በአንዱ ማታ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ቁጥር ተሳስቶ ይሁን ሌላ፣ ስልኩን ሁለቴ አስጮኾ ዘጋው። ቱርከያ አልሐምዱሊላህ ብላ ተነሣች፤ ሰገደች፤ በላች፤ ተኛች። አባቢያ ያን ሌሊት ሙሉ ስትተነፍስ እያዳመጠ አደረ። በማግስቱ፣ የከረመ ሳሙናን አዲስ ነው ብሎ ሸጦ የማያውቀው ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአቮካዶው ሥር ቆመ። ደውሎ ሲመለስ ዉዱኡን እንደ አዲስ አደረገ።

አንድ ጊዜ ልጃቸው ጫካ ውስጥ ሲሞት ደርሷል ብሎ ያታለላቸው ያው ደወል ነው። አባቢያ ይህን ያውቃል። በየምሽቱ ያውቀዋል።

ሱቁ የሚመጡ ወጣቶች ዳንቴል ለባሹን ስልክ በበሩ ቀዳዳ እያዩ ይቀልዱበት ነበር። «ጋሽ አባቢያ፣ ያቺን የጃንሆይ ስልክ ዛሬም አልሸጧትም? ሙዚየም ይገዛዎታል እኮ።» «እኔንም ከእሷ ጋር ደርቦ ይግዛን» ይላቸዋል እየሳቀ።

ከዚያ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። የስልክ ምሰሶዎቹ ይነሣሉ፤ የሽቦው ስልክ ቀርቶ ሁሉም ዲጂታል ይሆናል፤ መስመር ያላቸው ቀርበው በአዲሱ ይለውጡ ተባለ። አባቢያ ስልክ ቤት ሄደ። ፍሬአብ የሚባል ጉልማሳ ቴክኒሺያን አነጋገረው።

«አባቴ፣ አዲሱ እኮ ይሻልዎታል። ሽቦ የለው፣ ዝናብ አይበጥሰው። ኢንተርኔትም አለው።»

«ኢንተርኔቱ ጨው ይመዝንልኛል?»

ፍሬአብ ሳቀ። «ታዲያ ምን ፈልገው ነው የመጡት?»

«ደወሉን።»

«ደወል?»

አባቢያ ዙሪያውን አየ። ከኋላው ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሚስቱ ነገረው፤ ስለ ዛፉም ነገረው። ከሳሊሀ በቀር ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። ፍሬአብ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አባቴ» አለ፣ «ምሰሶውን ማስቀረት የእኔ ሥልጣን አይደለም። የአለቃዬም አይደለም። ሠራተኞቹ እርስዎ ሰፈር እስኪደርሱ ግን መስመርዎን ማንም አይነካውም። ይህን አዲሱን ይውሰዱና እስከዚያ ባለቤትዎን ያለማምዷቸው።»

አዲሱ ስልክ ጥቁር፣ ቀላል፣ አንቴና ያለው ነበር። ሳሊሀ መጥታ ከአሮጌው ጎን አስቀመጠችውና ከጓሮ ደወለችለት። እንደ ሕፃናት መጫወቻ ዘፈነ። ቱርከያ ጆሮዋን ያዘች።

«ይሄን ነገር ዝም አሰኙልኝ። ሻሚል ቢደውል አልሰማውም።»

ሳሊሀ ተስፋ አልቆረጠችም። የአሮጌውን ደወል በሞባይል ቀድታ ለአባቷ ሰጠችው። አንድ ማታ አባቢያ ኪሱ ውስጥ እንዳለ አስጮኸው። ቱርከያ ስልኩን አየች፤ ከዚያ የባሏን ኮት አየች።

«ልጄ ኪስህ ውስጥ ምን ያደርጋል?» አለችው። ፈርታ ነበር።

በማግስቱ ሞባይሉን ከዳንቴሉ ሥር ሸጎጡት። ድምፁ ከትክክለኛው ቦታ መጣ፤ ሁለቴ ጮኾ አቆመ። ሳሊሀ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ጣቶቿን አቆላልፋ ጠበቀች። ቱርከያ መዳፏን ከስልኩ ጀርባ አላነሣችም።

«አይንቀጠቀጥም» አለች። «የሞተ ነው።»

ሳሊሀ ሞባይሉን ከዳንቴሉ ሥር አውጥታ ጓሮ ሄዳ አለቀሰች። በነጋታው ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የምሰሶ ነቃዮቹ ሰፈሩ የደረሱት በበጋ ነው። ፍሬአብ አብሯቸው ነበር። አንድ በአንድ እየነቀሉ መጥተው ከአባቢያ ሱቅ ፊት ያለው ምሰሶ ብቻ ሲቀር፣ ፍሬአብ ሰዎቹን ምሳ ብሉ ብሎ ሰደዳቸው። ከምሳም ሲመለሱ ሌላ ሥራ ፈጠረላቸው። አሥር ሰዓት ሲሆን ሰዎቹን ይዞ ወደ ሱቁ መጣ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ደክሟችኋል፣ ለስላሳ ጠጡ።»

ጠጡ። ጠርሙሱን መለሱ። ሽቦውን ቆረጡት።

ማታ አባቢያ እግሩ በልማዱ ወደ ዛፉ ወሰደው። ቁጥሩን መታ። አንዲት ሴት በለሰለሰ ድምፅ ይህ ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም አለችው። እስክትጨርስ አዳመጣት፤ ከዚያ ገባ።

ቱርከያ ተቀምጣለች። መዳፏ ስልኩ ላይ ነው። የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ አልተነሣችም። አባቢያ መብራት አበራ። እራት አቀረበላት፤ አላየችውም።

«አባ ሻሚል» አለች። «እንዲህ ዘግይቶ አያውቅም። ችግር ቢኖር አልፎ ይጮኽ ነበር። ምነው ዝም አለ?»

አባቢያ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ዝናብ የለም፤ በጋ ነው። የሚያመካኝበት ነገር አጣ።

«ቱርኬ» አላት። «ሻሚል ሞቷል። ጎጀብ ላይ ነው የሞተው። ሲመሽ ሸሀዳውን ብሎ ነው የሄደው።»

የመጨረሻውን ለምን እንደጨመረ አላወቀም። ከአፉ ወጣ።

የቱርከያ ጩኸት ሰፈሩን ሞላው። መጀመሪያ የደረሰችው ማናልሞሽ ናት፤ ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ የነበረችው ልጇ ዛሬ ኮረዳ ሆና ከኋላዋ ትከተላታለች። ማናልሞሽ አንድ ቃል አልጠየቀችም። ቱርከያን አቅፋ «እግዜር ያጽናሽ እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ» እያለች አብራት ጮኸች። ሌሎቹም መጡ። ሰሌን ተዘረጋ። ያረጁት ጎረቤቶች ነገሩን ገና ከበሩ ገባቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። በቅርቡ ቤት የተከራየች አንዲት ሴት ግን ማናልሞሽን ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣

«መቼ ነው የሞተው?» አለቻት።

«ዛሬ» አለች ማናልሞሽ።

እግሩን የሚያመው ባየ ምርኩዝ ይዞ መጣ። በሩ ላይ፣ ያኔ የቆመበት ቦታ ላይ ቆመ። አባቢያ አየውና ተነሣ፤ ክንዱን ይዞ ሊያስቀምጠው እጁን ዘረጋ። እጁ ባየ ላይ ከመድረሱ በፊት መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ዕድሜውን ሙሉ እንዳላለቀሰ ሰው አለቀሰ፤ ሰው ሁሉ እያየው፣ አፉን በእጁ ሳይሸፍን። ባየ ምርኩዙን ጥሎ አጠገቡ ተቀመጠ። ማንም ዝም በል አላለውም።

ሳሊሀ ከቴፒ መጣች። ጎረቤት እያበሰለ ሲያመጣ፣ ማታ ማታ ቁርኣን ሲቀራ ቱርከያ አልቅሳ አልቅሳ ደከመች። ለቀስተኛው ሲበተን ስሙን የምትጠራው ሰው ማን እንደሆነ ጠፍቶባት ነበር።

ሳሊሀ ወደ ቴፒ በተመለሰች ዕለት ማታ አባቢያ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ የቱርከያ በርጩማ ስልኩ አጠገብ ነው። መዳፏ በዳንቴሉ ላይ አርፏል። የተቆረጠው ሽቦ በመስኮቱ ቀዳዳ በኩል ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል።

አባቢያ ወደ ጓሮ በር ተራመደ። በሩ ላይ ቆመ። በዚህ ሰዓት ስንት ዓመት ሙሉ ከዛፉ ሥር ቆመ እንጂ ከእሷ ጋር ተቀምጦ እንደማያውቅ አሁን ገና ታየው። ተመለሰ። የጨው ጆንያ ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።

«የት ደርሶ ይሆን?» አለች ቱርከያ።

«ጎጀብ ነው ያለው።»

«እዚያ መንገዱ ክፉ ነው።»

«ክፉ ነው።»

ውጭ ጨለመ። ቱርከያ አንድ እጇን ከስልኩ ሳታነሣ በሌላው የባሏን እጅ ፈልጋ ያዘች።

«አይዞህ» አለችው። «ጠዋት ይደውላል።»